ፊቷን ወደ ሰሜን ያዞረች ክፍል

በኦኩሳዋ መንደር አማት ምራቷን ስትቆጣ የምትጠራው ስም የኪኑኮ ነበር። «እስቲ የእማማ ኢሶን ምራት እያት! አፍ የላት፣ ኩርፊያ የላት! አንቺስ?» ትላለች። እውነትም ኪኑኮ ከሁሉ ቀድማ ተነስታ ምድጃ የምታነድ፣ ከሩዝ ማሳው ጭቃ እስከ ጉልበቷ ገብታ እንደ ወንድ የምትሠራ፣ በአማቷ ላይ ድምጿን ከፍ አድርጋ የማታውቅ ሴት ነበረች። ባሏ ቶራጂ ዝምተኛ ሰው ነው። የበረዶው ወራት ሲገባ እንደ መንደሩ ወንዶች ሁሉ ወደ ቶኪዮ ወርዶ መንገድና ድልድይ ሲሠራ ይከርምና በረዶው ሲቀልጥ ይመለሳል። አንድ ልጃቸው ሃሩ በአያቷ ጉያ ያደገች፣ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ሳቂታ ልጅ ናት። ከውጭ ለሚያየው ቤቱ የሰላም ቤት ነበር። ነገር ግን የሰውን ሆድ ማን ከፍቶ አየው? ኪኑኮ ለአማቷ የሩዝ አጥሚት በሁለት እጇ ይዛ በአክብሮት ስታቀርብ፣ በልቧ «ይህቺን ሴት ያቃጠለችኝን ያህል ሳላቃጥላት አፈር አይብላኝ» እንደምትል ማን ያውቅ ነበር?

ነገሩ የቆየ ነው። ኪኑኮ ገና አዲስ ሙሽራ ሳለች አረገዘች። የምጧ ቀን ሲቃረብ እማማ ኢሶ ፍራሿን አንስተው ከቤቱ በስተሰሜን ወዳለችው የዕቃ ክፍል ወሰዱባት። «አራስ የአባቶች መታሰቢያ ባለበት ክፍል አትተኛም። እኔም የወለድኩት እዚያው ነው» አሉ። የጭድ ነዶና በጨው የተዘፈዘፈ አትክልት በርሜል የሚከማችባት፣ ፀሐይ የማታውቃት፣ ግድግዳዋ ውርጭ የሚያወጣ ክፍል ነበረች። ሚዮ እዚያ ተወለደች። ጸጉረ ብዙ፣ የያዘችውን ጣት ጨብጣ የማትለቅ ሕፃን! ወዲያው ግን ደረቷ ሲር ሲር ማለት ጀመረ። ቶራጂ ሐኪም ሊያመጣ በበረዶ ላይ የሚጎተተውን ጋሪ ይዞ ወጣ፤ ኪኑኮም ልጇን በእቅፏ እያሞቀች ጆሮዋን ወደ ደጅ ጥላ ጠበቀች። ጠበቀች... ጠበቀች... በመጨረሻ በሩ ሲከፈት ቶራጂ ብቻውን ነበር። አንገቱን ደፍቶ ግድግዳው ሥር ቆመ። «ሐኪሙስ?» ብላ ስትጮህ ከፊቱ የተደነቀሩት እናቱ ነበሩ።

«እሱን ከደጅ መልሼ ጎረቤት ቤት ያዋልኩት እኔ ነኝ» አሉ እማማ ኢሶ፣ ፊታቸው እንደ ድንጋይ ሆኖ። «ለአንዲት ሴት ልጅ ብሎ በዚህ በረዶ ሰው አይሞትም። ሌላ ትወልጃለሽ።»

ሚዮ በእናቷ ክንድ ላይ ቀዘቀዘች። እህ! ከዚያ ቀን በኋላ ኪኑኮ ሃሩን ወለደች፣ ሳቀች፣ ሠራች፣ አረሰች፤ ያቺ ቃል ግን ከልቧ አልወጣችም። የዕቃ ክፍሏ አርጅታ ፈረሰች፣ ቦታዋ ላይ ሣር በቀለ። የኪኑኮ ቂም ግን አላረጀም።

አንድ ዓመት፣ አጨዳው ሊያልቅ ሲል፣ እማማ ኢሶ ማሳው ዳር ራሳቸውን ስተው ወደቁ። ሲነቁ ግራ ጎናቸው ሽባ ሆኗል፤ አፋቸውም ተጣሟል። የቤቱ ደረጃ ከፍ ያለ፣ ሽንት ቤቱም ከጓሮ ማዶ በመሆኑ፣ የጤና ረዳቷ መጥታ አየችና «ለእሳቸው ከቤቱ ጋር የተያያዘ፣ ደረጃ የሌለው፣ መታጠቢያና ሽንት ቤት ያለው ክፍል ካልሠራችሁ አይሆንም» አለች። ቶራጂ በዚያ ዓመት ወደ ቶኪዮ መሄዱን ተወ። ማታ ራት ላይ ሚስቱን ቀና ብሎ ሳያይ፣

«ክፍሉን የት ብንቀጥለው ይሻላል?» አላት።

«አንተ የት ይሻላል ትላለህ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? የቤት ነገር አንቺ ነሽ የምታውቂው። እንደፈቀድሽ አሠሪው።»

እንደፈቀድሽ! ኪኑኮ ጎንበስ ብላ ሳህን መሰብሰብ ጀመረች። ስንት ዓመት የለመነችው አምላክ ነው ዛሬ የሰማት?

በማግስቱ የመንደሩ አናጢ ጌንዞ መለኪያ ገመዱን በትከሻው ጥሎ መጣ። ግቢውን ዞሮ ዞሮ በስተደቡብ ፕሪም ዛፉ ጋ ቆመና ፊቱ ፈካ። «እትዬ ኪኑኮ፣ ይኸው! ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ነው። አሮጊቷ ተኝተው አላፊ አግዳሚውን እያዩ፣ ሰላምታ እየተቀበሉ ነው የሚውሉት።»

«እዚያ ጎመን እዘራበታለሁ። ና ላሳይህ።» ወደ ሰሜን ወሰደችው፤ ሣር ወደበቀለበት። «እዚህ።»

ጌንዞ ጣራውን ቀና ብሎ አየ፣ መሬቱን አየ፣ እሷን አየ። «ኧረ እትዬ! ይሄ እኮ የቤቱም የጎተራውም ጣራ በረዶውን የሚያራግፍበት ነው። ክፍሉ እስከ ክፈፉ ይቀበራል! መስኮቱስ በየት ይከፈታል?»

«ትንሽ መስኮት ይበቃታል። ከፍ አድርገህ ሥራው።»

«ተኝቶ የሚውል ሰው ከፍ ካለ መስኮት ምን ያያል?»

«አማቴ ብርሃን ዓይኗን ያማታል» አለች ኪኑኮ ፈገግ ብላ። «አንተ ጌንዞ፣ አንተ ነህ የምትተኛበት ወይስ እሷ?»

አናጢው ሳቀ። ካስማውን አምጥቶ መትከል ሲጀምር ኪኑኮ አጠገቡ ቆማ «ወደዚህ ትንሽ ጠበብ አድርገው... እንዲህ... የድሮዋ ክፍል እስከዚህ ነበረች» እያለች ልኩን ራሷ ሰጠችው። እግሯ መሬቱን ያውቀው ነበር። በዚያች ጠባብ ወለል ላይ ልጇን አቅፋ ስትመላለስ አልነበር?

መሠረቱ ተቆፈረ፣ ድንጋዩ ተደለደለ፣ ቋሚዎቹ ቆሙ። እማማ ኢሶን ቀን ቀን በወንበር አውጥተው፣ በብርድ ልብስ ጠቅልለው ሥራውን እንዲያዩ ያስቀምጧቸዋል። አንድ ቀን ጌንዞ መዶሻውን አስቀምጦ አጠገባቸው ቁጢጥ አለና «እማማ፣ መስኮቱን በየት በኩል ላድርግልዎ? እርስዎ ይናገሩ፣ እኔ እሠራለሁ» አላቸው። አሮጊቷ ዓይናቸውን ከቋሚዎቹ አንስተው ኪኑኮን አዩዋት። ረጅም አስተያየት ነበር። ቁጣ የለበትም፣ ልመናም የለበትም። ከዚያ በተጣመመ አፋቸው፣ ቃሉን እየጎተቱ፣

«ምራቴ... ባለችው... በኩል» አሉ።

ኪኑኮ ፊቷን አዞረች። እንዲለምኗት ነበር የፈለገችው! «ኧረ ልጄ፣ ብርድ ነው፣ ጨለማ ነው፣ እዘኝልኝ» እንዲሏትና እሷም «ሌላ ክፍል ታገኛለሽ» ብላ እንድትመልስላቸው ነበር። አሮጊቷ ግን ያንንም ደስታ ነፈጓት፤ ይህም ንዴቷን አባሰው።

ጣራው በቆመ ቀን፣ እንደ አገሩ ልማድ፣ ጌንዞና ቶራጂ ወራጁ ላይ ወጥተው ድቡልቡል የሩዝ ቂጣ ለጎረቤቱ በተኑ። ልጆች ተራኮቱ፣ ሴቶች ሽርጣቸውን ዘርግተው ተንጫጩ፣ ሽማግሌዎች ጽዋ አነሱ። «ታድላ ኢሶ! እኔን ልጆቼ ከጓዳ ወርውረውኛል፣ ለእሷ ምራቷ ቤት ትሠራላታለች!» አለች አንዲት ጎረቤት እያለቀሰች። ኪኑኮ እጅ ነሳች። ምስጋናውን ሁሉ አንገቷን ዝቅ አድርጋ ተቀበለች፤ ዓይኗ ግን ከሰው መሐል በወንበር የተቀመጡት አማቷ ላይ ነበር። እሳቸውም እጅ ይነሱ ነበር። በደህናው እጃቸው አንዲት የሩዝ ቂጣ ጨብጠው፣ ለሚያልፈው ሁሉ «አዎ... ታድያለሁ... ታድያለሁ» ይሉ ነበር።

በረዶው ጣለ። ጌንዞ እንዳለው የሁለቱም ጣራ በረዶ እዚያው ተከመረና ክፍሏን ዋጣት። ቀትር ላይ እንኳ መብራት ካልበራ ፊት አይታይም፤ ግድግዳዋም ላይ ያው የድሮው ውርጭ ወጣ። እማማ ኢሶ ሰው ሲፈልጉ የሚያንቃጭሏት ትንሽ ቃጭል ነበረቻቸው። ቃጭሏ ስትጮህ ኪኑኮ መጀመሪያ የያዘችውን ድንች ልጣ ትጨርሳለች፣ ቀጥላ እጇን ትታጠባለች፣ ቀጥላ ምድጃውን ታስተካክላለች። ከዚያ ትገባለች። «ጠሩኝ እማማ?» ስትል ድምጿ እንደ ማር ነው። አሮጊቷም «ይቅርታ... ሥራ አስፈታሁሽ» ይላሉ። ፍም የሞላበትን ማንደጃ ጠዋት ታስገባለች፤ ሲከስም ግን አትቀይርም። ይህ ሁሉ ሲሆን ቶራጂ ያያል፤ አይቶም እንዳላየ ሆኖ በረዶ ሊዝቅ ይወጣል።

ያልቻለችው ሃሩ ነበረች። «እማዬ፣ ላሟ እንኳ ከዚህ የሚሻል በረት አላት! ምን አድርጋሽ ነው?»

«እህትሽን ጠይቂያት ምን እንዳደረገችኝ።»

«የትኛዋን እህቴን?» አለች ሃሩ። ስለ ሚዮ ነግሯት የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ኪኑኮ ግን ቢላዋዋን አንስታ ወደ ድንቿ ተመለሰች።

ከዚያ ሳሉ መጣ። መጀመሪያ እንደ ጉንፋን፣ ቀጥሎ ከደረት ሥር። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ኪኑኮ አጥሚት ይዛ ስትገባ ያን ድምፅ ሰማች። ሲር... ሲር... በዚያው ቦታ፣ በዚያው ብርድ፣ ያው ድምፅ! አጥሚቱ ከእጇ አምልጦ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ደስ ሊላት አይገባም ነበር? ይህን ቀን አይደል ስትጠብቅ የኖረችው? ታዲያ ምነው ደስታው ቀረ?

ሃሩ እየጮኸች ወጣች። «አባዬ! ሐኪም! አያቴ መተንፈስ አቃታት!» ደጁ ላይ በረዶው እንደ ዱቄት ይነፋል፤ የታችኛው መንደር የስልክ መስመርም ከተበጠሰ ሰንብቷል። ቶራጂ የበረዶ ጫማውን አንስቶ ማጥለቅ ሲጀምር ኪኑኮ ሄዳ በሩን በጀርባዋ ዘጋችው።

«የት ልትሄድ ነው?»

«ምን ማለትሽ ነው? ሐኪም ላመጣ ነዋ!»

«ተቀመጥ» አለች ቀስ ብላ፣ እያንዳንዷን ቃል እያጣጣመች። «ለአንዲት አሮጊት ብሎ በዚህ በረዶ ሰው አይሞትም።»

ጫማው ከቶራጂ እጅ ወደቀ። ፊቱ አመድ መሰለ። ከሰሜኗ ክፍል የተቆራረጠ ድምፅ መጣ፦ «እውነቷን... ነው... ተቀመጥ... ልጄ...»

ይህን ሲሰማ ቶራጂ በጉልበቱ ወደቀ። ያ ዝምተኛ ሰው እንደ ሕፃን ጮኸ። «በቃኝ! እማዬ፣ በቃኝ! ኪኑኮ፣ ያን ቃል ለእኔ ብላኝ አታውቅም! ሂድ ነው ያለችኝ፣ ሩጥ ነው ያለችኝ! ጋሪውን በገዛ እጇ ከበረዶ ቆፍራ ያወጣችልኝ እሷ ናት!»

«ታዲያ?...» ኪኑኮ በሩን ይዛ ቀረች። «ታዲያ ሐኪሙ?»

«ቶራጂ!» የእናቱ ድምፅ ከክፍሉ ውስጥ ተጎተተ። «ዝም... በል!»

«ድልድዩ ጋ የጓደኛዬ ሠርግ ነበር። እጄን ላሙቅ ብዬ ገባሁ። አንድ ጽዋ ጠጣ አሉኝ... ከዚያ አንድ... እንቅልፍ ወሰደኝ። ከተማ አልደረስኩም ኪኑኮ። ሐኪሙን አላየሁትም። እማዬ አፌን አሽትታ አወቀች፤ አንቺ ከማወቅሽ በፊት በእኔና በአንቺ መሐል ገባች...»

ሃሩ አፏን በእጇ ይዛ ግድግዳው ሥር ቀረች። ያን ያህል ዓመት የተጠላው ማን ነበር? የተጠላውስ ጥፋት የማን ነበር? ኪኑኮ አላለቀሰችም። ጎንበስ ብላ የባሏን የበረዶ ጫማ አነሳች፤ እግሯ ላይ አሰረችው። ቶራጂ እየተንፈቀፈቀ «እኔ ልሂድ፣ እባክሽ እኔ ልሂድ» ሲላት፣

«አንተማ መንገዱን አታውቀውም» አለችው።

ጋሪውን እየጎተተች በዚያ ነፋስ ውስጥ ገባች። ስንቴ ወደቀች! ስንቴ እስከ ወገቧ ሰጠመች! በመጨረሻ ግን ሐኪሙን ጋሪው ላይ ጭና ስትመለስ ቅንድቧ ላይ በረዶ ረግቶ፣ ከንፈሯ ተሰንጥቆ ነበር። ሐኪሙ መረመረ፤ ክፍሏን ዞሮ አየ፤ ራሱን ነቀነቀ። «ከዚህ ብርድ ቶሎ አውጧቸው። ግን ዘግይቷል፤ ሳንባቸው አልቋል» አለ።

እማማ ኢሶን ምድጃው አጠገብ፣ የአባቶች መታሰቢያ ባለበት በትልቁ ክፍል አስተኟቸው። ኪኑኮ ከአጠገባቸው አልተነሳችም። እግራቸውን በእጇ ስታሽ፣ ውሃ በጥጥ ስታጠጣ ቆይታ አንድ ረፋድ ድንገት ግንባሯን ወለሉ ላይ ደፋችው።

«እማማ፣ ለምን? ለምን ዋሹኝ?»

አሮጊቷ ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ ተናገሩ። «አማቷን የጠላች ሴት... ቤቷን ጥላ አትሄድም። ባሏን ከጠላች ግን... አንቺ ትሄጃለሽ... እሱም ራሱን ያጠፋል። ያን ቀን ዓይኑን አይቼዋለሁ። ስለዚህ... እኔን ትጥላኝ አልኩ። ያኔ... ትከሻዬ ይችል ነበር።»

«ክፍሏንስ? ለምን እንዳሠራኋት ያውቁ ነበር?»

«ጌንዞ ካስማውን... ሲተክል ነው ያወቅኩት። ልጅሽን ከብርድ ያስተኛሁት... እኔ ነኝ። ይሄኛው ውሸት የለበትም። የኔ ነው። ስለዚህ... ገባሁ።»

«ይቅር ይበሉኝ! እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ!»

«አንቺም... ይቅር በይኝ።» ደህናው እጃቸው የኪኑኮን ጣቶች ፈልጎ ያዘ። «ቶራጂን ግን... እሱንም... ይቅር በይልኝ... እሺ...»

ኪኑኮ አፏን ከፈተች፤ ቃሉ ግን እምቢ አላት። እሺ ለማለት ታገለች፣ ሊወጣላት አልቻለም። እማማ ኢሶ ዓይናቸውን ከአፏ ላይ ሳይነቅሉ ጠበቁ... ጠበቁ... እየጠበቁም አረፉ።

የሐዘኑ ወራት እንዳለቀ ኪኑኮ የባሏን ፍራሽና ብርድ ልብስ ጠቅልላ ወደ ሰሜኗ ክፍል ወስዳ ዘረጋችው። «ይህቺ ክፍል መጀመሪያም ያንተ ነበረች» አለችው። ከዚያ በኋላ አላናገረችውም። ቶራጂም አልተከራከረም፤ እንደ እስረኛ ገባ። ሳህኑን በር ላይ ታስቀምጥለታለች፣ ባዶውን ታነሳለች። ተከታዩ የበረዶ ወራት ሲመጣ የቤቱን ጣራ እሷ ትዝቃለች፤ የሰሜኗን ጣራ አትነካም። ባሏ ብርሃን ለማግኘት በትንሿ መስኮት በኩል ከውስጥ በአካፋ ሲቆፍር ትሰማለች። አትረዳውም፣ አትከለክለውም። «እንዴት ነው? በረደህ?» ትላለች በልቧ። ሰውነቷ ግን ከሳ፣ ጸጉሯም ነጣ። ያ ሁሉ በቀል እሷን ካልሆነ ማንን በላ?

ሃሩ ማዶ መንደር ተድራ ነበርና አረገዘች። ሴት የመጀመሪያ ልጇን ከእናቷ ቤት መጥታ መውለድ በአገሩ ደንብ ነው። ኪኑኮ ትልቁን ክፍል አሙቃ፣ ጨርቁን ቀቅላ ጠበቀቻት። ሃሩ ግን የገፋ ሆዷን ይዛ መጥታ ከደጃፉ አልገባ አለች።

«ግቢ እንጂ ልጄ፣ ብርድ ነው!»

«አልገባም እማዬ። አባቴን የቀበርሽበት፣ አያቴን የገደልሽበት ክፍል ካለበት ቤት ልጄን አልወልድም። ጨርቁን ስጪኝ፣ እሄዳለሁ።»

«ገደልሽበት አልሽኝ? እኔን?»

«አዎ፣ አንቺን። አባቴም እህቴን ገድሏል። ሁለታችሁም ወላጆቼ ናችሁ፣ ምን ላድርጋችሁ?» አለችና እንባዋ ገነፈለ። ጀርባዋን ሰጥታ፣ ሆዷን ደግፋ፣ በበረዶው መሐል ሄደች።

ኪኑኮ ደጃፉ ላይ ብዙ ቆመች። ከዚያ ወደ እንጨት መከመሪያው ሄዳ መጥረቢያ አነሳች፤ የሰሜኗን ክፍል ግድግዳ በሙሉ ኃይሏ መታችው። አንዴ መታች፣ ደገመች፣ ጮኸች፤ «ሚዮ!» እያለች መታች፣ «እማማ!» እያለች መታች። ቶራጂ ከውስጥ ወጥቶ ጢሙ ተንጨባርሮ፣ በብርሃኑ ዓይኑን እያጨናበሰ አያት። ሌላ መጥረቢያ አምጥቶ ከወዲያኛው ጥግ ጀመረ። ባልና ሚስት በአንድ ግድግዳ ሁለት ጫፍ ቆመው ሳይነጋገሩ አፈረሱት። የቶራጂ መጥረቢያ ስቶ ከጣቱ አጠገብ አረፈ። ያኔ ኪኑኮ፣ ባሏን ማናገር ካቆመችበት ጊዜ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣

«እንዲህ አትያዘው። እጅህን ትቆርጣለህ» አለችው።

ቶራጂ መጥረቢያውን ጥሎ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ኪኑኮም ከፍርስራሹ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ይቅርታ ይሁን አይሁን እሷም አታውቀውም፤ ምናልባት ሙሉው ይቅርታ መቃብር ድረስ ሳይመጣ ይቀር ይሆናል። አይ ዕድል! አንዲት ቃል በእውነት ብትነገር ኖሮ ያ ክፍል ይሠራ ነበር? እማማ ኢሶ ያን ሁሉ ብርድ ይጠጡ ነበር? የሰው ልጅ በቂም ለጠላቱ ክፍል ይሠራና ዞሮ ራሱ ይገባበታል። ኪኑኮ ግን እንባዋን ጠርጋ ተነሳች፤ ሃሩ ሩቅ ሳትሄድ ልትደርስባት፣ ጋሪውን እየጎተተች ወደ መንገዱ ወጣች።